ባለቤቶቹን ምን ብለው ይጠይቁ? አውቶሞቢል ሊገዙ ላሰቡት የደብረ ብርሃን መምህር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ደብረ ብርሃን የሚኖሩ መምህር ናቸው። ያገለገለ፣ የማያስቸግር የቤት አውቶሞቢል ይፈልጋሉ። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ወላጆቻቸው ሸዋሮቢት ስለሆኑ ለበዓል የጣርማበርን ቁልቁለት ይወርዳሉ። አልፎ አልፎም ለለቅሶና ለሠርግ መንዝ ገጠር መግባት አለ። «የመኪና ባለቤቶችን ጠየቅሁ» ይላሉ። «የያሪሱ ባለቤት ያሪስ ግዛ ይለኛል፣ የኮሮላው ኮሮላ፣ የዲዛየሩ ዲዛየር። የቱን ልመን?»

መምህር፣ ሦስቱንም ይመኑ። ማንም አልዋሸዎትም። ግን እያንዳንዱ የነገረዎት ስለራሱ መንገድ ነው። ቦሌ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ኮሮላና ጣርማበርን የሚወጣበት ኮሮላ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ኑሯቸው ለየቅል ነው። ደግሞ «መኪናህ ጥሩ ነው?» ተብሎ ተጠይቆ «አይ፣ ተሞኝቼ ነው የገዛሁት» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪና በመጠገንና ለገዢ በመፈተሽ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሊገዛ የመጣ ሰው «ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?» ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ከደላላ ወሬ ይሻላል። ግን አጠያየቁን መቀየር አለብዎት። «ጥሩ ነው ወይ» አይበሉ። «መጨረሻ ገንዘብ ያወጣህበት ምን ላይ ነው?» ይበሉ። ሰው ያወጣውን ገንዘብ አይረሳም። «ዕቃው ከየት መጣ? ስንት ቀን ቆመብህ?» ብለው ያስከትሉ። ከዚያ «መኪናው የት ነው የሚያድረው፣ በብዛትስ የት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዳማና አዲስ አበባ ከሆነ ያመስግኑና ወደ ሌላ ባለቤት ይሂዱ። የሰሜን ሸዋ ሰው የሚነግርዎ አንድ ቃል ከዚያ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ከሁሉ የበለጠ እውነት የሚናገረው ደግሞ መኪናውን ሸጦ የተገላገለ ሰው ነው። የሚሸጠው ነገር የለውም፣ ምርጫውን የሚከላከልበትም ምክንያት የለውም። «ለምን ሸጥከው?» ብለው ዝም ይበሉና ያዳምጡት።

አሁን የኛን አገር መንገድ ልንገርዎት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ላይ 3,000 ሜትር ታልፋለች። እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ባለ 1.3 ሊትሩ ያሪስ ወረቀት ላይ 86 አካባቢ የፈረስ ጉልበት አለው። እዚህ 65 ይዘው ነው የሚነዱት። አምስት ሰው ጭነው፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጤፍ ከትተው ዳገት ሲጀምሩ መኪናው ቢለግም ተበላሽቶ አይደለም። ባለ 1.5ቱ ከ100 የሚያልፍ ጉልበት ስላለው እዚህም 80 ገደማ ይተርፈዋል። ልዩነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አይታወቅም። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ሲወጡ ግን ሙሉ በሙሉ ይታወቃል። ባለቤቱ «ዳገት ላይ ይደክማል» ካለዎት ስንት ሲሲ፣ ማለትም ሞተሩ ባለ ስንት ሊትር እንደሆነ ሳይጠይቁ አይፍረዱ።

ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ላይ ችግሩ ሌላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የአሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ባለቤቶች ይህን ያውቁታል። መካኒኩ እዚህ አስተካክሎት ሸዋሮቢት ሲወርዱ ደግሞ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ኢንጄክሽን ያለው መኪና አየሩን በሴንሰር እየለካ ራሱን ያስተካክላል።

ለሙቀቱ ጉዳይ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ ብዙ ሞተር እዚህ የሚሞተው በዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በሰላሙ ቀን ከዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው እስከ 110 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ጎማው ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን የሚያፍነው ነገር የለም። አዳማ ላይ ያላስቸገረ ክዳን ጣርማበር ላይ ጉድ ያደርግዎታል። ባለቤቱ «ዳገት ላይ ውሃ ይጠጣል» ካለዎት በቀጥታ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ሄዷል ብለው አይደንግጡ። መጀመሪያ ክዳኑን ይቀይሩ። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። አንዳንድ መካኒክ መኪና ሲፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ደንበኛው ተፈወሰልኝ ብሎ ይሄዳል። በቆላ ይህ ለጊዜው ያስኬዳል። በኛ ብርድ ግን ሞተሩ መሞቅ ያለበትን ያህል አይሞቅም። ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ፋሻውና (የፒስቶኑ ቀለበት) ሲሊንደሩም ይፋጫሉ። ሲገዙ ማወቂያው ቀላል ነው። ጠዋት አስነስተው ሩብ ሰዓት ያህል ይንዱ። የሙቀት ጌጁ መካከል ላይ ደርሶ ቀጥ ካለ ቴርሞስታቱ አለ። ታች ቀርቶ ከተንቀዋለለ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ ወደ ዜሮው ከወረደ፣ ወጥቷል ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ሻጩንም «ለምን አወጣችሁት?» ይበሉት። መልሱ ውስጥ የድሮ መፍላት ታሪክ ይኖራል።

ገዢ በከንቱ የሚደነግጥበት ነገርም አለ። የሞተር ዘይት ክዳኑን ሲከፍቱ ከሥሩ ነጭ፣ እርጎ የመሰለ ነገር ያያሉ። በይነመረብ ላይ ያነበበ ሁሉ «ጓርኒሲዮኑ በልቷል» ይላል፤ በቴስታታው ሥር ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያደርገው ማሸጊያ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብቻ ከቤት ወደ ሥራ ለሚመላለስ መኪና ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይህ የተለመደ ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ክዳኑ ላይ ይጠራቀማል። ጠርገውት ረዘም ያለ መንገድ ይንዱት። ካልተመለሰ የእርጥበት ነገር ነበር ማለት ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ያው ነጭ ነገር ካለ፣ ወይም የራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ያኔ መኪናውን ለባለቤቱ ይተውለት።

ከጣርማበር ሸዋሮቢት ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። መውጣቱ ሞተርን ቢፈትን፣ መውረዱ ፍሬንን ይፈትናል። ማርሽ አውጥቶ ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ የሚወርድ ሾፌር ያለበትን መኪና አይግዙ፣ የፍሬን ዲስኮቹ ተቃጥለው ነው የሚያገኙት። በነገራችን ላይ ኢንጄክሽን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ስለሚዘጋ በዜሮ ማርሽ መውረዱ ምንም አይቆጥብም። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ200 ዲግሪ በላይ ድረስ ሳይፈላ ይችላል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ጭጋግ ውስጥ፣ ከፊት የጭነት መኪና እያለ፣ ፔዳሉ ስፖንጅ ሲሆን የሚሰማውን ስሜት አልመኝልዎትም። ባለቤቱን «የፍሬን ዘይት መቼ ቀየርክ?» ይበሉት። «ይጨመራል እንጂ ይቀየራል እንዴ?» የሚል ብዙ ሰው ያገኛሉ። በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል።

አሁን ወደ ስሞቹ።

ያሪስ ሴዳን ባለ 1.5፣ ማለትም 1ኤንዜድ የሚባለው ሞተር ያለው፣ ለእርስዎ መንገድ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር አቀናጅቶ የሚያዞረው) በሰንሰለት ስለሆነ እንደ ቺንጋ፣ ማለትም እንደ ጎማ ቀበቶው፣ በየጊዜው አይቀየርም። መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዕቃውም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ባለቤቶች የሚያማርሩት ስለ እግሩ ነው። የፊት ሾክ አብዞርበርና ቡሽ በጠጠር መንገድ ቶሎ ያልቃል፣ ጎማውም ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ አይችልም። ይህ ወጪ ነው፣ መንገድ ላይ የሚያስቀር ግን አይደለም።

ኮሮላ ሰፊ ነው፣ ለረጅም መንገድም ይመቻል። ከ2001 እስከ 2007 በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራውን ካሰቡ የሞተሩን ዓይነት ይጠይቁ። ዜድዜድ የሚባሉት ሞተሮች፣ 1.6ና 1.8 የሆኑት፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ምክንያቱ ፒስቶኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ መሆናቸው ነው። ይደፈናሉ፣ የዘይት ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ አስተካክሎታል። ባለቤቱን «በሁለት ዘይት ቅያሪ መካከል ስንት ትጨምራለህ?» ይበሉት። «አንድ ሊትር ገደማ» ካለ በዋጋው ይደራደሩ። «አላየሁም» ካለ ደግሞ መለኪያውን ራስዎ መዝዘው ይዩ። ዘይቱን የማያይ ባለቤት ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ሲገጥም ውጤቱን እኔ ጋራዥ ውስጥ አየዋለሁ።

የሱዙኪ ዲዛየር ባለቤቶች ስለ ቤንዚን ሲያወሩ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል፣ እውነታቸውንም ነው። 1.2 ሊትር ሞተር፣ ክብደቱ 900 ኪሎ ገደማ። ከመሬት ከፍታው 163 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሌሎቹ ሴዳኖች የተሻለ ጠጠር ይችላል። ቀላል በመሆኑ የጉልበቱ ማነስ ያን ያህል አያሠቃይም፣ ሰው ካልሞላ። ግን ማርሹን ይለዩ። አንዳንዱ ዲዛየር አውቶማቲክ ተብሎ የሚሸጠው ኤጂኤስ የሚባለው ነው። ይህ ያው ማኑዋል ማርሽ ሆኖ ፍሪሲዮኑን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን) በእግር ፈንታ ማሽን የሚረግጥለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ምቹ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ ወደኋላ ይንሸራተታል፣ በጋዝ ይዘው ሲቆሙ ፍሪሲዮኑ ይበላል። ለጣርማበር እርስዎ ራስዎ የሚረግጡትን ማኑዋል ይውሰዱ።

ዲኤክስን የሚመክሩዎት ሰዎች ይኖራሉ። እኔም እወደዋለሁ፣ ማንኛውም ልጅ በመፍቻ ይፈታዋል። ግን 40 ዓመት ገደማ የሆነው መኪና ነው። ኤርባግ የለውም። ለቤተሰብ፣ ለዚያ ቁልቁለት፣ ይቅርብዎ። የኮሪያ መኪናዎች መጥፎ አይደሉም። አሮጌዎቹ አክሰንቶች ግን ታይሚንግ ቺንጋ ስላላቸው መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ወዲያው ይቀየር። እዚህ አገር የተገጣጠሙትን ሊፋን ሴዳኖች በተመለከተ ባለቤቶቻቸው ሁለት ጎራ ናቸው። እኔ የምለው አንድ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የአንድ የፊት መብራትና የአንድ ፍሪሲዮን ዋጋ ዞረው ይጠይቁ። ካገኙ ይግዙ።

የዕቃ ነገር ከተነሳ፣ ባለቤት ከመጠየቅ የሚበልጥ አንድ ቦታ አለ። ደብረ ብርሃን ያሉት የመለዋወጫ ሱቆች ናቸው። ሄደው መደርደሪያውን ይዩ። ባለሱቁን «ለያሪስ ምን ቶሎ ያልቅብሃል?» ይበሉት። የብዙ ባለቤት ገጠመኝ ተጠራቅሞ የተቀመጠው እዚያ ነው። ብቻ አንድ ነገር ያስተውሉ። የአንድ ሞዴል ዕቃ መደርደሪያውን ከሞላ መኪናው ቶሎ ይበላሻል ማለት ላይሆን ይችላል፣ ከተማው ውስጥ ብዙ አለ ማለትም ነው። ፍሬን ሸራና ፊልትሮ በብዛት ካዩ ጤና ነው። የመኪናው ኩሽኔታና መሪ ማሽን በብዛት ካዩ ይጠይቁ።

ኤሌክትሪክ ለምን አልጠቀስክም እንዳይሉኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያገለገለው የቤንዚን መኪና እንደ ወርቅ ተወዷል፣ አውቃለሁ። ኤሌክትሪክ መኪና በከፍታ ጉልበት አይቀንስም፣ ጣርማበርን ሲወርድም ባትሪውን ይሞላል። ግን ሴዳኖቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ባትሪው ከሆዳቸው ሥር ነው፣ የመንዝ ገጠር ድንጋይ ደግሞ ሆድ ይፈልጋል። በውርጭ ጠዋትም ባትሪው ቻርጁን ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው። ቤትዎ ቻርጅ ማድረግ ከቻሉና ከአዲስ አበባ መንገድ ካልወጡ ያስቡበት።

መኪናውን ሊያዩ ሲሄዱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። ሻጩን «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» ይበሉት። እንደደረሱ መጀመሪያ እጅዎን ኮፋኖው ላይ ያሳርፉ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ብረት ሁሉ በረዶ ነው። ኮፋኖው ለብ ካለ ሰውየው ቀድሞዎት አሙቆታል፣ የሚደብቀው የማስነሳት ችግር አለ። ሲያስነሱ ከኋላ ሰው ይቁም። ነጭ እንፋሎት በብርድ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ አያሳስብም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው።

ከዚያ ደብረ ሲና ድረስ ይንዱት። ሻጩ እምቢ ካለ ምክንያቱን ያውቃል። ከጣርማበር ዋሻ በኋላ ማርሽ ቀንሰው ይውረዱና ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጋዝ ሲሰጡ በስፖኪዮ ወደኋላ ይመልከቱ። ያኔ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ካለ የቫልቭ ጎሚኖች (ዘይት የሚያግዱት ጎማዎች) አልቀዋል። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ ከጨሰ ደግሞ ፋሻው ነው፣ ይህኛው ሞተር ያስወርዳል። ደብረ ሲና ሲደርሱ ቆሎ ይግዙ፣ መኪናውን ግን ዞረው ያሽትቱት። እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ጠጋ ያድርጉ፣ አይንኩ፣ ይቃጠላሉ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ሲመለሱ ዳገቱን ጌጁን እያዩ ይውጡ።

መኪናውን በክሪክ አስነስተው ሆዱንም ይዩ። የዘይት ኮፓው የተጨፈለቀ ወይም የተበየደ ከሆነ ድንጋይ መትቶታል። በሮቹንና ፓራፋንጎውን በጣት ያንኳኩ፣ ስቱኮ ያለበት ቦታ ድምፁ ደፈን ይላል። ከጃፓን መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ አሉ። ዳሽቦርዱ ተቆርጦ የተጠገነ መሆኑን፣ የዝናብ መጥረጊያው አቅጣጫ ወደ ሌላ ወገን መሆኑን ሲያዩ ይገባዎታል። እነዚህን ለዚያ ቁልቁለት አልመክርም። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ የባንክ ዕዳ እንደሌለበትም፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ።

እንግዲህ ባለ 1.5 ማኑዋል ያሪስ ካገኙ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ የከረመ ቢሆን ደግሞ የበለጠ፣ ይግዙ። ካላገኙ ማኑዋል ዲዛየር፣ ከዚያ ዘይት የማይበላ ኮሮላ። ከዋጋው ላይ ትንሽ ያስተርፉና የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ኩላንት፣ የራዲያተር ክዳንና ቴርሞስታቱን ሻጩ ምንም ቢልዎት ይቀይሩ። ባትሪውም ያስፈትሹ፣ በዜሮ ዲግሪ ሲሶውን አቅሙን ያጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት በአዲስ አበባ መንገድ ጫጫ ከተማ ድረስ እየሄዱ ይመለሱ። ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዘይቱንና ውሃውን ይለኩ። ሁለቱም ካልጎደሉ ለበዓሉ ሸዋሮቢት መውረድ ይችላሉ።